የሚኒሶታ ካፒቶል «ኮፒ» አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ሚኒሶታ ካፒቶል ነው፤ ሴንት ፖል ከተማ ከፍታው ላይ ስለሚታየው ባለ ነጭ ጉልላት የግዛቱ ምክር ቤት። ስለዚህ ሕንፃ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይኸው ነው። ሕንፃው የዋሽንግተኑ ካፒቶል፣ የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ኮፒ ነው። የቀድሞው በደህና ቆሞ ሳለ ለታይታ ሲባል የተሠራ ነው። ከታች እስከ ላይ የሚኒሶታ ድንጋይ ነው። ካስ ጊልበርት የሚባል አርክቴክት ብቻውን የፈጠረው ነው። ጣሪያው ላይ ፊት ለፊት ያሉት የፈረስ ሐውልቶች ድፍን ወርቅ ናቸው። በቅርቡ ደግሞ «ሥዕሎቹን ነቅለው፣ ኮሎምበስን ጥለው ታሪኩን ሰረዙት»። መደምደሚያቸው «ለእኛ ለስደተኞች ግን ይህ ሁሉ ምናችንም አይደለም» የሚል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ስለ ሕንፃው ለመጻፍ በመነሳታቸው አመሰግናቸዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። ቱምቢ ሲወረወር፣ ድንጋይ በመሮ ሲጠረብ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለ ሕንፃ ተወርቶ ድንጋዩ ከየት እንደመጣና ማን እንደጠረበው ሲዘለል ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የዋሽንግተኑ ኮፒ ነው»

ከሩቅ ላየው ሰው ሊመስል ይችላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ጉልላት አላቸው። (እኛ ጉልላት የምንለው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ጫፍ ላይ የሚቆመውን ነው። እዚህ ላይ ግን ክቡን ጣሪያ ራሱን ማለቴ ነው።) ቀረብ ሲሉ ግን ሁለቱ ሕንፃዎች የሚገናኙበት ነገር ትንሽ ነው።

የዋሽንግተኑ ጉልላት ብረት ነው። ከ1855 እስከ 1866 ባለው ጊዜ በቶማስ ዋልተር ንድፍ ከቀለጠ ብረት ተሠርቶ፣ ድንጋይ እንዲመስል ቀለም የተቀባ ነው። የሚኒሶታው ግን እውነተኛ እብነ በረድ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የራሱን ክብደት ራሱ ተሸክሞ ቆሟል። ለግንበኛ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ብረት በቡሎን ታስሮ ይቆማል። ድንጋይ ግን እያንዳንዱ ጎረቤቱን ካልደገፈ አንድ ቀንም አያድርም።

የውስጡን አሠራር ሳውቅ ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። ጉልላቱ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። ከውጭ የምናየው እብነ በረዱ አለ። ከሥሩ፣ ከሰው ዓይን ተደብቆ፣ ከጡብና ከብረት የተሠራ ሾጣጣ አለ። ጫፍ ላይ ያለውን ፋኖስ መሳይ ክፍል የሚሸከመው እሱ ነው፤ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚከላከለውም እሱ ነው። ከዚያ በታች ደግሞ አዳራሹ መሃል ቆመን አንገታችንን ቀና ስናደርግ የምናየው ያጌጠው ጉልላት አለ። ከወለሉ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው የውጭውን ጉልላት ውስጠኛ ገጽ ያየ ይመስለዋል። አላየውም። በመካከላቸው ሰው የሚንቀሳቀስበት ባዶ ቦታ አለ።

ታዲያ ከየት ተቀዳ? መቀዳቱንማ ተቀድቷል፤ ይህን አልክድም። ምንጩ ግን ሮም ነው። የጊልበርት አርአያ በ1590 የተጠናቀቀው፣ በማይክል አንጄሎ ንድፍ የተጀመረው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት ነው። ሌላም ምንጭ አለ። ጊልበርት በወጣትነቱ ኒው ዮርክ ውስጥ በማኪም፣ ሚድ ኤንድ ዋይት ቢሮ ሠርቷል። ይህ ቢሮ የሮድ አይላንድን ምክር ቤት ነድፏል፤ እሱም የእብነ በረድ ጉልላት አለው፤ ሥራውም የተጀመረው ከሚኒሶታው ቀደም ብሎ በ1895 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ዝምድናቸውን ለማየት አይቸገርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የ1893ቱ የቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን አለ። በዚያ ኤግዚቢሽን ለጥቂት ወራት የቆሙት ነጫጭ ሕንፃዎች የመላውን አሜሪካ ዓይን ቀይረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከተማ ሁሉ ነጭ፣ ዓምድ የበዛበት፣ የጥንት ሮምን የሚያስታውስ ሕንፃ አማረው።

ጸሐፊው «ኮፒ» ያሉትን ቃል ይዘው መቀጠል ከፈለጉ እንግዲህ ከየት እንደሆነ ያስተካክሉልን።

«ለታይታ የተሠራ ነው»

ይህ ሦስተኛው ካፒቶል ነው። የመጀመሪያው መጋቢት 1 ቀን 1881 ምሽት ላይ፣ ምክር ቤቶቹ ስብሰባ ላይ እያሉ፣ ተቃጠለ። ሁለተኛው በችኮላ ተሠርቶ በ1883 ተከፈተ። ገና ከጅምሩ ጠባብ ነበር፤ አየሩም የታፈነ ነበር። ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ምክር ቤቱ ሌላ ሕንፃ እንዲሠራ ወሰነ። ስለዚህ «የቀድሞው በደህና ቆሞ ሳለ» የሚለው አያስኬድም። ቆሞ ነበር፤ በደህና ግን አልነበረም።

ታይታስ አልነበረበትም? ነበረበት። በ1893 የተፈቀደው 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሥራው ሲያልቅ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህን ጭማሪ ሁሉ ከሕግ አውጪዎቹ ላይ እየለመነ፣ እየተከራከረ፣ እየጠበቀ ያወጣው ቻኒንግ ሲበሪ የሚባል የሴንት ፖል ነጋዴ ነው። የግንባታ ኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ ነበር፤ ሥራውን በተግባር የመራው ግን እሱ ነው። እሱ ባይኖር ጊልበርት የሳለው አብዛኛው ነገር ወረቀት ላይ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ስሙን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሱትም።

«ከታች እስከ ላይ የሚኒሶታ ድንጋይ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሕንፃው ታሪክ ልቡ እዚህ ነው።

ውጭውን ስናየው ዓይናችን የሚያርፍበት ነጭ ድንጋይ የጆርጂያ እብነ በረድ ነው። ጆርጂያ ደቡብ ናት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከባርነት ጎን ተሰልፋ ኅብረቱን፣ ማለትም የሰሜኑን ወገን፣ የወጋች ግዛት ናት። ሚኒሶታ ደግሞ ከሌላው ወገን ነበረች። ሐምሌ 2 ቀን 1863 ጌቲስበርግ ላይ የሚኒሶታ አንደኛ ክፍለ ጦር ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ተብሎ በቁጥር ብዙ እጥፍ በሚበልጠው ጠላት ላይ እንዲወረወር ታዘዘ። ከሄዱት ሰዎች አብዛኞቹ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። በ1890ዎቹ የዚያ ጦርነት ዘማቾች በሕይወት ነበሩ። በየሰፈሩ ነበሩ፤ ምርጫም ያሸንፉ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የምክር ቤታቸው ድንጋይ ከጆርጂያ ሊመጣ ነው ሲባል ምን እንደተሰማቸው አስቡት። በዚያ ላይ የሚኒሶታ ድንጋይ ነጋዴዎች አሉ፤ «የእኛ ግራናይት እያለ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለምን ከግዛቱ ይወጣል?» የሚሉ። ሁለቱ ተደምረው ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ።

የጊልበርት ምክንያት ግን የቀለም ነበር። የሚኒሶታ ግራናይት ግራጫ ነው። እሱ የፈለገው ብርሃን የሚቀበል ነጭ ነው። የዚህን አገር ክረምት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጥር ላይ ሰማዩ ግራጫ፣ መንገዱ ግራጫ፣ ዛፉ ግራጫ ነው። በዚያ መሃል ያ ጉልላት ሲያበራ እኔ ራሴ ስንት ጠዋት መኪናዬን ቀስ አድርጌ እንዳየሁት አላውቅም።

በመጨረሻ በስምምነት ተፈታ። መሠረቱና ደረጃው የሴንት ክላውድ ግራናይት እንዲሆን ተደረገ፤ ከሴንት ፖል ሰሜን ምዕራብ ካለችው ከተማ። ከዚያ በላይ ያለው የጆርጂያ እብነ በረድ ሆነ። እብነ በረዱም ሳይጠረብ በባቡር ተጭኖ መጥቶ እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ እንዲጠረብ ተደረገ። በዚህም የጠራቢው ደመወዝ እዚሁ ቀረ። ዛሬ ደረጃውን ስትወጡ ግራጫው አልቆ ነጩ የሚጀምርበትን መስመር ልብ በሉ። ያ መስመር ድርድር ነው። ጭቅጭቁ በድንጋይ ተጽፎ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ወደ ውስጥ ስንገባ የሚኒሶታ ድንጋይ በብዛት አለ። የግድግዳዎቹ ወርቅማ ኖራ ድንጋይ ካሶታ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ ነው። ይህቺን ስም ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰኔ 14 ቀን 1905 እነዚያ ዘማቾች፣ አሁን ያረጁ፣ የተቀዳደዱ የጦር ሜዳ ባንዲራዎቻቸውን ይዘው ከአሮጌው ካፒቶል ወደ አዲሱ በሰልፍ ሄዱ። ባንዲራዎቹ ከጉልላቱ ሥር ባለው አዳራሽ ተቀመጡ፤ በጆርጂያ ድንጋይ ጥላ ሥር ማለት ነው። ስለዚህ ቀን ሳስብ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

«ጊልበርት ብቻውን ፈጠረው»

ካስ ጊልበርት ትልቅ ሰው ነው። በ1895 ውድድሩን ሲያሸንፍ ገና 40 ዓመት አልሞላውም። በኋላ በ1913 የተከፈተውን የኒው ዮርኩን ዉልዎርዝ ሕንፃ፣ የዌስት ቨርጂኒያን ካፒቶል፣ የዋሽንግተኑን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንፃም ነድፏል። ለዚህ ሁሉ ያበቃው ሴንት ፖል ላይ የሠራው ሥራ ነው። ለዝርዝር ነገር የነበረው ጭንቀት ከዕቃው ጀምሮ እስከ ሥዕሎቹ ቀለም ድረስ ይታያል።

ግን «ብቻውን»? ሥዕሎቹን የሳሉት ጆን ላ ፋርጅ፣ ኤድዊን ብላሽፊልድ፣ ኬንየን ኮክስና ኤድዋርድ ሲመንስ ናቸው፤ የጊዜው ትልልቅ ሠዓሊዎች። የውስጡን ማስጌጥ በበላይነት ያስተባበረው ኤልመር ጋርንሲ ነው። ይህን ቸኩዬ ልለፈው። የእኔ ጉዳይ ከታች ያሉት ናቸው።

መሬቱ መቆፈር የተጀመረው በ1896 ነው፤ ሕንፃው የተከፈተው በጥር 1905። በእነዚህ ዓመታት ክረምትና በጋ ድንጋይ የጠረቡ፣ ያነሱ፣ የደረደሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹን የሚያስታውስ የለም። በሥራው ላይ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። ጉልላቱ 68 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ያኔ የደኅንነት ቀበቶ የለም፤ ካሳ የሚባል ነገርም እንዲህ እንደ ዛሬው አልነበረም።

ከእነሱ መካከል ስሙን የማውቀው አንድ ሰው አለ፤ ካሲቪል ቡላርድ። ከሜምፊስ፣ ቴነሲ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ድንጋይ ሠራተኛና ጡብ ደርዳሪ ነበር። ወደ ሴንት ፖል የመጣው ለካፒቶሉ ሥራ ነው። ሥራው ሲያልቅም አልተመለሰም። እዚሁ ቀርቶ ሌሎች የከተማዋን ሕንፃዎች ሠራ፤ ለራሱም ቤት ሠራ። ያ ቤት ዛሬ በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንድ ጥቁር ግንበኛ ከደቡብ ተነስቶ፣ የደቡብን ድንጋይ ሰሜን ላይ ሊሠራ መጣ። አባቴ ይህን ታሪክ ቢሰማ ኖሮ እላለሁ።

ጸሐፊው ስለ ጊልበርት ሦስት አንቀጽ ጽፈዋል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም።

«ፈረሶቹ ድፍን ወርቅ ናቸው»

አይደሉም። በብረት ማዕቀፍ ላይ የተለበጠ መዳብ ነው፤ በላዩ ስስ የወርቅ ቅጠል ተለጥፎበታል። ድፍን ወርቅ ቢሆን ጣሪያው አይችለውም፤ የግዛቱም ካዝና አይችለውም።

የሥራው ስም «የግዛቲቱ ግስጋሴ» ነው። ዳንኤል ቼስተር ፍሬንችና ኤድዋርድ ፖተር ሠርተውት በ1906 ቦታው ላይ ተቀመጠ። ፍሬንች በኋላ ዋሽንግተን ላይ የተቀመጠውን የሊንከን ሐውልት የሠራው ሰው ነው። አራቱ ፈረሶች የተፈጥሮ ኃይሎች ናቸው፤ መሬት፣ ነፋስ፣ እሳትና ውሃ። አባቶቻችን አራቱ ባሕርያት የሚሏቸው። ፈረሶቹን የሚመሩት ሁለቱ ሴቶች እርሻና ኢንዱስትሪ ናቸው። በጉብኝት ጊዜ ደረጃውን ወጥቶ አጠገባቸው መቆም ይቻላል። ልጆች ካሏችሁ ውሰዷቸው።

«ሥዕሎቹን ነቅለው፣ ኮሎምበስን ጥለው ታሪኩን ሰረዙት»

ይህ ነጥብ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

የኮሎምበስ ሐውልት የሕንፃው አካል አልነበረም። በ1931 ግቢው ውስጥ የቆመ ነው፤ ሕንፃው ከተከፈተ ከ26 ዓመት በኋላ። በሰኔ 2020 ሰልፈኞች ገመድ አስረው ጣሉት። ያ የራሱ ክርክር ያለው ጉዳይ ነው።

ሥዕሎቹ ግን አልጠፉም። ከ2013 እስከ 2017 ሕንፃው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ታደሰ። እብነ በረዱ ከመቶ ዓመት ብርድና ውርጭ በኋላ መፈረካከስ ጀምሮ ነበር፤ ከላይ ቁራጭ ይወድቅ ነበር። በዚያ እድሳት ጊዜ በአገረ ገዥው የእንግዳ መቀበያ ክፍል የነበሩ ሁለት ሥዕሎች ወደ ሦስተኛው ፎቅ ተዛወሩ። እዚያ ማብራሪያ ተጨምሮላቸው ይታያሉ።

አንደኛው የዳግላስ ቮልክ ሥራ ነው፤ አባ ሄኔፒን የሚባለው ቄስ በ1680 የሴንት አንቶኒን ፏፏቴ «ሲያገኝ»። ቄሱ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። በዙሪያው የዳኮታ ሰዎች፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ አሉ፤ አንዲቱ ሴት ከወገቧ በላይ ራቁቷን ሸክም ተሸክማለች። ፏፏቴው ግን የዳኮታ ነበር፤ በቋንቋቸው ስም ያለው ቦታ ነው። ዓባይን «አገኘሁ» ያለ ፈረንጅ ታሪክ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የፍራንሲስ ሚሌት ነው፤ የ1851ዱን የትራቨርስ ደ ሱ ውል ያሳያል። በዚያው ዓመት በተፈረሙ ሁለት ውሎች ዳኮታዎች ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት አጡ። ውሉን ከፈረሙ በኋላ ሌላ ወረቀት ቀረበላቸው፤ ገንዘባቸው ለነጋዴዎች ዕዳ እንዲከፈል የሚያደርግ። ከመንግሥት ወገን ከተደራደሩት አንዱ አሌክሳንደር ራምሲ ነው። በ1862 የዳኮታ ጦርነት ሲነሳ አገረ ገዥ ሆኖ «ዳኮታዎች ይጥፉ ወይም ለዘላለም ከግዛቱ ይባረሩ» ያለው እሱ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በሐምሌ 1898 ደግሞ የዚህን ሕንፃ የማዕዘን ድንጋይ ያኖረው ማን ነው? ያው ራምሲ፣ አሁን ያረጀው።

ካሶታን ያዙልኝ ብዬ ነበር። የካፒቶሉን ውስጥ ያለበሰው ወርቅማ ድንጋይ የወጣበት ቦታ፣ ውሉ ከተፈረመበት ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ሥዕሉን አንሱት አታንሱት፣ ግድግዳው ራሱ ከዚያ ሸለቆ ነው የመጣው። ስለዚህ «ታሪኩ ተሰረዘ» የሚለው አልገባኝም። ቀደም ሲል ሥዕሉ ስብሰባ ማድመቂያ ሆኖ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን ምን እንደሆነ ተጽፎበት ተሰቅሏል። ከዚህ በፊት ይልቅ አሁን ነው የሚነበበው።

«ለእኛ ለስደተኞች ምናችንም አይደለም»

ስንቶቻችን ነን በዚህ ግዛት ግብር የምንከፍለው? ከአገር ቤት መጥፎ ወሬ ሲመጣ በብርድ ተሰብስበን ድምፃችንን ያሰማነው የት ነው? እዚያ ደረጃ ላይ ነው። የሴንት ክላውድ ግራናይት ላይ ቆመን ነው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት፣ የመንጃ ፈቃዱ ሕግ፣ የቤት ኪራዩ ጉዳይ የሚወሰነው ከዚያ ጉልላት ሥር ነው።

ሕንፃው ለሁሉም ክፍት ነው። ሳይከፍሉ ገብተው፣ ወለሉ መሃል ያለው የሰሜን ኮከብ ላይ ቆመው ወደ ላይ ማየት ይቻላል። ጸሐፊው ሴንት ፖል ካሉ አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል። ከደረጃው እንጀምርና ግራጫው ከነጩ የሚገናኝበትን መስመር አሳያቸዋለሁ። ጽሑፋቸውን የሚያርሙት ከሆነ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢቀር የካሲቪል ቡላርድን ስም ይጨምሩልኝ።